«የአዳም ፖሞች» (2005)፦ ይቅርታው ለማን፣ ሳቁ በማን?

ሲኒማ ራስ ደጃፍ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ታዳሚዎች። ዴንማርካዊው ደራሲና አዘጋጅ አንደርስ ቶማስ የንሰን በ2005 ያወጣውን «የአዳም ፖሞች» የተባለ የወንጀል ኮሜዲ በቅርቡ ደግሜ አየሁት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መጀመሪያ ባየሁት ጊዜ ሳቁ አላስቆም ብሎኝ ብዙም አልመረመርኩትም ነበር፤ በዚህኛው ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ፊልሙን ላላያችሁ ታሪኩ ወዲህ ነው። አዳም የሚባል ኒዮ ናዚ (ኡልሪክ ቶምሰን) በአመክሮ ከእስር ወጥቶ፣ የቀረውን ጊዜ በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንዲያሳልፍ ኢቫን ወደሚባል ቄስ (ማድስ ሚከልሰን) ይላካል። ኢቫን በዓለም ላይ ክፋት ስለመኖሩ የሚነግረውን ሰው ሁሉ የማይሰማ፣ የራሱንም መከራ እንዳልደረሰበት አድርጎ የሚኖር ሰው ነው። አዳም ክፍሉ ውስጥ የሂትለርን ሥዕል ይሰቅላል፤ በቆይታው ምን ዓላማ እንዳለው ሲጠየቅም ለማሾፍ ያህል የፖም ኬክ እንደሚጋግር ይናገራል፤ ቄሱ ደግሞ ፌዙን እንደ ቁም ነገር ተቀብሎ በግቢው ያለውን የፖም ዛፍ አደራ ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ዛፉን ቁራ ይወረዋል፣ ትል ይበላዋል፣ መብረቅ ይመታዋል፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በወደቀ ቁጥር መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ይከፈታል።

በዚያው ቤት አዳም ሁለት ሰዎችን ያገኛል። አንደኛው በስርቆትና በወሲብ ጥቃት የሚታወቀው ሰካራሙ ጉናር (ኒኮላስ ብሮ) ሲሆን፣ ሌላው ካሊድ የሚባል ስደተኛ ነው። ካሊድን የሚጫወተው አሊ ካዚም ነው፤ ሥራው ነዳጅ ማደያ መዝረፍ ሲሆን፣ የሚዘርፈውም የኖርዌዩን የነዳጅ ድርጅት የስታቶይልን ማደያዎች ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ በብዙ አገር የሚነግዱ ግዙፍ ድርጅቶችን መጥላቱ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ ናዚ ልብ እንዴት እንደሚለሰልስ በትዕግሥት ያሳየናል፤ ለዚያ ናዚ የሰማይ ምልክት እንኳ ይላክለታል። ካሊድ ግን ሽጉጡን ይዞ ይገባል፣ በተሰባበረ ዴንማርክኛ ያስቀናል፣ ያን ሽጉጥ እንደያዘ ከታሪኩ ይወጣል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው ወይስ ደራሲው ምሕረት የሚገባውን ሰው አስቀድሞ መርጦታል? እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ተቃራኒውን የሚያስረዳኝ ካለ ግን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

---

ከኮፐንሃገን

ጥያቄውን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ የምኖረው እዚያው አገር በመሆኑ ፊልሙ የተሠራበትን ጊዜ ጥቂት ላስታውስ። ዴንማርክ ከ1960ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያና ከፓኪስታን ሠራተኞችን ስትቀበል ቆይታ፣ በ1973 በሯን ዘጋች። የመጡት ግን ቤተሰብ መሥርተው ቀሩ። በኅዳር 2001 በተደረገው ምርጫ የስደተኞች ጉዳይ ዋናው መከራከሪያ ስለነበር፣ አዲሱ መንግሥት የስደተኞችን መግባት በሚቃወመው በዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ ድጋፍ ላይ ተመሥርቶ ሥልጣን ያዘ፤ በ2002 ደግሞ ከውጭ አገር ሰው ጋር ተጋብቶ በዴንማርክ ለመኖር ሁለቱም ተጋቢዎች 24 ዓመት እንዲሞላቸው የሚያዝ ሕግ ወጣ። ፊልሙ የታየው በሚያዝያ 2005 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 30 ቀን አንድ ጋዜጣ 12 የነቢዩ መሐመድ ካርቱኖችን አትሞ በብዙ አገሮች የተከተለውን የሙስሊሞች ቁጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ካሊድ ወደ ሲኒማ ቤት የገባው፣ አገሩ በሙሉ ስለ እሱ ዓይነት ሰው በሚነጋገርበትና እሱን ግን ብዙም በማያነጋግርበት ወቅት ነው።

ፊልሙን ያየሁት በአንድ ዴንማርካዊ ወዳጄ ሳሎን፣ ከአራት አምስት ሰዎች ጋር ነበር። ካሊድ አፉን ሊከፍት ሲል ሳቁ ከቀልዱ ቀድሞ ይመጣ ነበር፤ ገና ምንም ሳይናገር ይስቃሉ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ የድንች ጥብሱን ሳህን ሲያቀብለኝ በካሊድ አነጋገር «እንኪ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደግ ልጅ ነው። ይሁንና በዚያ ክፍል ውስጥ ዴንማርክኛን ከነዘዬው የምናገር እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሳህኑን ተቀብዬ ዝም አልኩ። ጉናር ሰክሮ ሲንገዳገድም ሳቁ ብዙ ነበር፤ የጉናርን አረማመድ አስመስሎ ሳህን ያቀበለኝ ግን አልነበረም።

---

የጽሑፍ ሰው

ሁለታችሁንም በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ አልስማማም። በእኔ እይታ «የአዳም ፖሞች» ውስጥ ሙሉ ሰው የሚባል የለም፤ ሁሉም ሆን ተብለው የተጋነኑ ናቸው። ቄሱ ፊቱ እየደማ ሁሉ ሰላም ነው የሚል ሰው ነው። ሐኪሙ ዶክተር ኮልቤር (ኦለ ቴስትሮፕ) ርኅራኄ የሚባል ያልፈጠረበት፣ የሕመምተኛን ሞት እንደ አየር ጠባይ ትንበያ የሚያወራ ሰው ነው። ፖል የተባለው፣ ሞት አፋፍ ላይ ያለና ቄሱ የሚያጽናናው ሽማግሌ፣ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ጠባቂ የነበረ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ስደተኛው ብቻውን ጨዋና አስተዋይ ሆኖ ቢቀርብ ኖሮ፣ እኔ በበኩሌ እንደ ስድብ እቆጥረው ነበር። ሌላው ሁሉ ሲሳቅበት አንዱን ብቻ ማስቀረት የእንግዳ አያያዝ እንጂ የእኩል አያያዝ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከእነዚያ ወንጀለኞች መካከል ለወንጀሉ ምክንያት ያለው ካሊድ ብቻ መሆኑን አትዝለሉት። ጉናር የሚሰርቀው ስለማያስችለው ነው፤ አዳም የሚደበድበው ስለሚጠላ ነው። ካሊድ ግን ማንን እንደሚዘርፍና ለምን እንደሚዘርፍ የሚያውቅ፣ በራሱ አሳብ የሚመራ ሰው ነው። አሳቡ ያስቃል፤ ቢሆንም አሳብ ነው። በነገራችን ላይ የስታቶይል ማደያዎች በ2016 ስማቸው ወደ ሰርክል ኬ ስለተቀየረ፣ ዛሬ ፊልሙን የሚያይ ወጣት ዴንማርካዊ የቀልዱን ግማሽ ሳያገኘው ያልፋል።

ሦስተኛ፣ የአዳም የድሮ ባልንጀሮች ወደ ግቢው የሚመጡበትን ትዕይንት አስታውሱ። ራሰ በራዎቹ ኒዮ ናዚዎች ቤቱን ሊያምሱ ሲመጡ ተኩሶ የሚመልሳቸው ማን ነው? ካሊድ ነው። በ2005 የዴንማርክ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተመልካቹ ስደተኛው ናዚዎችን በጥይት ሲያባርር ደስ ብሎት እንዲያይ ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም።

---

አዲስ ተመልካች

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር አንብቤ ትናንት ማታ ፊልሙን አየሁት፤ መልካም ፊልም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የ2005ን ሥራ በዛሬው ሚዛን መመዘናችን አግባብ ነውን? በዚያ ዘመን ስለ ውክልናም ሆነ ስለ ብዝኃነት እንዲህ በየቦታው አይወራም ነበር።

---

ከኮፐንሃገን

ለአዲስ ተመልካች፦ ሚዛኑ የዛሬ አይደለም፤ ያኔም በእጃቸው ነበር። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1999፣ «ፒዛ ኪንግ» የተባለ የዴንማርክ ፊልም የስደተኛ ልጆችን የታሪኩ ባለቤት አድርጎ አቅርቧል፤ አሊ ካዚም ራሱ ከተዋንያኑ አንዱ ነበር። ስለዚህ ተዋናዩ ከአንድ ቀልድ በላይ መሸከም እንደሚችል የፊልም ሰዎቹ አይተዋል።

በዚያው ዓመት ደግሞ የንሰን የጻፈው፣ ላሰ ስፓንግ ኦልሰን ያዘጋጀው «ቻይና ውስጥ ውሻ ይበላሉ» የተባለ ሌላ የወንጀል ኮሜዲ ወጥቶ ነበር። አርእስቱ ራሱ ስለ ሩቅ ሕዝብ በድፍኑ የተነገረ ነገር መሆኑን ልብ ይሏል። ለዘብ ያለ የባንክ ጸሐፊ ከዘራፊ ጋር ተጋፍጦ ወንድሙን ይዞ ወደ ወንጀል የሚገባበት ታሪክ ነው። በወንድምየው ምግብ ቤት ውስጥ ቩክ የሚባል ዩጎዝላቭ ሳህን አጣቢ አለ፤ በየአጋጣሚው የሚመታው፣ የሚጎዳውና ደም በደም የሚሆነው እሱ ነው፤ ቀልዱም ያ ነው። የሚያስገርመው ደግሞ ዋናውን ዴንማርካዊ የባንክ ጸሐፊ የሚጫወተው ተዋናይ ዴያን ቹኪች መሆኑ ነው፤ ስሙ እንደሚነግረን የሰርብ ስም ያለው ሰው ነው። አገሪቱ ውስጥ የዩጎዝላቭ ስም ያለው ሰው ዴንማርካዊ ሆኖ መሪ ገጸ ባሕርይ መጫወት ይችል ነበር፤ ፊልሙ ውስጥ ያለው ዩጎዝላቭ ግን ከወጥ ቤት አይወጣም።

በአንድ ነገር የጽሑፍ ሰው ትክክል ነው። ከቩክ ወደ ካሊድ ስንመጣ ለውጥ አለ፤ ቩክ ይመታል፣ ካሊድ ግን ይተኩሳል። ለውጡ ከሽጉጡ አልፏል ወይ የሚለው ነው የእኔ ክርክር።

---

የአካል ሕክምና

ክርክራችሁ በካሊድ ላይ ብቻ መቆሙ ደንቆኛል። የምሠራው የአካል ጉዳት ካለባቸው ልጆች ጋር ነውና እኔን በዚህ ፊልም ውስጥ የያዘኝ የቄሱ ልጅ ክሪስቶፈር ነው። ልጁ መንቀሳቀስም መናገርም የማይችል፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሚውል ነው። አባቱ ግን ምንም እንዳልሆነ ጤነኛ ልጅ ይቆጥረዋል፤ ያንን ክህደቱን ይዞም ሳራን (ፓፕሪካ ስቴን) ይመክራል። ሳራ ነፍሰ ጡር ናት፣ ትጠጣለች፣ ጽንሱ ችግር ሊኖርበት እንደሚችል ተነግሯታል፤ ቄሱም የእኛም ልጅ እንዲሁ ተብሎ ነበር፣ ይኸው ደኅና ነው በሚል አሳብ ያጽናናታል። ከዚያ ሳራ ልጁን በዓይኗ ታየዋለች።

ያን ትዕይንት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ካሜራው የሚያተኩረው በሳራ ድንጋጤ ላይ ነው፤ የሚያስቀውም የእሷ ፊት ነው። ልጁ ራሱ ምን እያየ፣ ምን እየሰማ እንደሆነ አንድም ጊዜ አይጠየቅም። ወላጅ በክህደት ውስጥ ሲኖር ልጁ ላይ ምን እንደሚደርስ በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ፤ መልመጃ ይቀራል፣ የሚደግፈው ወንበር አይስተካከልም፣ ሕመሙን የሚናገርበት ሌላ መንገድ አይፈለግለትም፤ ደኅና ነው ተብሏላ! ፊልሙ ይህን ለመንካት አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር፤ ኢቫን ለልጁ ያለው ፍቅር የእውነት መሆኑ አያጠራጥርምና። ዳሩ ግን ልጁ የአባቱ እብደት ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

ስለ ሳራም አንድ ነገር ልበል። በፊልሙ ውስጥ ጎላ ብላ የምትታይ ሴት እሷ ብቻ ናት። የምታገኘው መልካም መጨረሻ ደግሞ ከጉናር ጋር መጣመር ነው፤ በወሲብ ጥቃት ከሚታወቀው ሰው ጋር ማለቴ ነው። ፊልሙ ይህን እንደ ጣፋጭ ነገር አቅርቦት ያልፋል። ለናዚው አንድ ሙሉ ፊልም የፈጀው መለወጥ ለጉናር እንዴት እንዲህ በችኮላ እንደተሰጠው፣ ወንድሞቼ፣ አንዳችሁም አላነሣችሁትም።

---

ሲኒማ ራስ ደጃፍ

እህቴ፣ ትክክል ነሽ፤ የጉናርን ነገር አንሥተሽልኝ የእኔም ጥያቄ ጠራልኝ። ሦስቱን ወንጀለኞች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። አዳም ይለወጣል፤ ለመለወጡም ምክንያት፣ ጊዜና ተአምር ይሰጠዋል፤ ኢቫን ዓይኑን በጥይት ተመትቶ ጥይቱ የጭንቅላቱን ዕጢ ይዞለት እንዲወጣ እስከማድረግ ድረስ ታሪኩ ይደክምለታል። ጉናር በግማሽ ይለወጣል፤ ቢያንስ ቤተሰብ ይሰጠዋል። ካሊድ አይለወጥም፤ እንዲለወጥም ማንም አይጠብቅበትም። በመጨረሻው ትዕይንት ላይ አዳም የቄሱ ረዳት ሆኖ፣ ሁለቱ አዲስ የአመክሮ ተፈቺዎችን ሊቀበሉ በመኪና ሲሄዱ እናያለን። የካሊድ ቦታ የት ነው? እዚያ መኪና ውስጥ አይደለም።

የጽሑፍ ሰው ሁሉም እኩል ተስቆበታል ያሉት እውነት ነው። እኩል ያልሆነው ከሳቁ በኋላ ያለው ነው። በኢቫን ስንስቅ ቆይተን፣ አዳም መጽሐፈ ኢዮብን አንብቦ የሚያሳድድህ ሰይጣን ሳይሆን እግዚአብሔር ነው ብሎ በአሳብ ሲያፈርሰው ሳቃችን ይከስማል፤ ከዚያ ወዲያ ኢቫን ለእኛ ሰው ነው። በአዳምም ስንስቅ ቆይተን፣ ምድጃ ፍለጋ ሲንከራተት ልባችን አብሮት ይሄዳል። ለካሊድ ሳቁ የሚከስምበት አንዲት ደቂቃ ፈልጌ አላገኘሁም። በዛፉ ላይ የሰፈሩትን ቁራዎች በሽጉጥ ሲተኩስባቸው ድመት ይገድላል፤ ያስቃል። ናዚዎቹን ሲያቆስል ያስቃል። ቤቱ ሲፈርስም ያስቃል። ከሌሎቹ የበለጠ አልተሰደበም፤ ብቻውን ሲሆን ግን አንድም ጊዜ አላየነውም። በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ሲተኛ፣ ለአገሩ ሰው ስልክ ሲደውል የሚያሳይ የአሥር ሰከንድ ምስል ቢኖር ኖሮ ይህን ክር ባልከፈትሁ ነበር።

---

የጽሑፍ ሰው

መልካም መከራከሪያ ነው። እንዲያውም ድመቷን ባስታወሱኝ ጊዜ እንደገና ስለ ሳቅሁ፣ በሚዛናዊነቴ ላይ ጥርጣሬ ቢያድርባችሁ አልቀየምም።

ቢሆንም አንድ ነገር በጥሞና ተመልከቱልኝ። ታሪኩ የሚካሄደው በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መለወጥ ማለት በዚህ ፊልም ውስጥ ከሞላ ጎደል የክርስትና መለወጥ ነው። ካሊድ ሙስሊም ስደተኛ ሆኖ እንደ አዳም ቢለወጥ ኖሮ ምን እናይ ነበር? አንድ ዴንማርካዊ ቄስ ሙስሊሙን ሲያቀናው እናይ ነበር። ያን ብናይ ደግሞ ይኸው ክር ከዚህ በባሰ ቁጣ ይከፈት ነበር። የንሰን ካሊድን ሊያጠምቀው አልሞከረም፣ ምስጋና አላስደረገውም፣ ለተደረገለት ነገር ዴንማርክን እንዲያመሰግን አላስገደደውም። ቄሱ መክሮ ሊያስጥለው ያልቻለውን አቋም ይዞ ኖረ፤ እንደያዘውም ወጣ። እኔ በዚህ ውስጥ ክብር አያለሁ። የተመለሰ ኃጢአተኛ ባለመሆኑ ሰውነቱ ያልጎደለበት ብቸኛው ሰው እሱ ነው።

የጉናርንና የሳራን ነገር በተመለከተ ግን ለመከላከል የምችለው ነገር የለኝም። በፊልሙ ውስጥ ያለ ሰነፍ ጽሑፍ እሱ ነው።

---

ያለፈው ቲኬት

ዘግይቼ መጣሁ፤ በዚህ ክር ላይ ሊነሣ የሚገባው አንድ ፊልም ግን ቀርቷል። የንሰን በ2020 «የፍትሕ ፈረሰኞች» የተባለውን ፊልም አውጥቷል፤ ማድስ ሚከልሰን እዚያም ዋናው ተዋናይ ሲሆን፣ ሚስቱን በባቡር አደጋ ያጣ ወታደር ሆኖ ይጫወታል። በዚያ ፊልም ውስጥ ቦዳሽካ የሚባል፣ ወንጀለኞች ለወሲብ ባርነት የያዙት የዩክሬን ወጣት አለ። በአጋጣሚ ከእነሱ እጅ ወጥቶ ወደ ወታደሩ ቤት ይመጣል፤ እዚያው ይቀራል፤ በመጨረሻው የገና ትዕይንት ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይታያል። ያስቃልም፤ ነገር ግን ሳቁ የሚከስምባቸው ደቂቃዎች አሉት። ሲኒማ ራስ ደጃፍ የጠየቁት የአሥር ሰከንድ ምስል ለእሱ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ደራሲው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የተማረው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

---

ከኮፐንሃገን

ያን ፊልም እኔም እወደዋለሁ፤ ቦዳሽካም ልብ የሚነካ ገጸ ባሕርይ ነው። ሆኖም በሁለት ነገር ቅር ይለኛል። የመጀመሪያው፣ ቦዳሽካን የሚጫወተው ጉስታቭ ሊንድ ስዊድናዊ መሆኑ ነው፤ ካሊድን የተጫወተው አሊ ካዚም ቢያንስ የገጸ ባሕርዩን ዓይነት ፊት ይዞ በየቀኑ በዚያ አገር ባቡር የሚሳፈር ሰው ነበር። ሁለተኛውና የሚከብደው፣ ለስደተኛው ወንበር የተሳበለት ምንም ጥፋት የሌለበት፣ የተጎዳና አዳኝ የሚሻ ልጅ ሲሆን መሆኑ ነው። ካሊድ ማንም እንዲያድነው አልለመነም፤ የታጠቀ፣ የተቆጣና አሳብ ያለው ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በገና ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ እስካሁን በየንሰን ፊልም አላየሁም። የጽሑፍ ሰው እንዳሉት ያለ መለወጥ ክብር ያለው ከሆነ፣ ያን ክብር ይዞ መቀመጫም ማግኘት ነበረበት።

---

የአካል ሕክምና

የክሪስቶፈርን ጉዳይ አሁንም ዘለላችሁት፤ ስለዚህ ራሴ አዲስ ክር ከፍቼ፣ የዴንማርክ ፊልሞች የአካል ጉዳት ያለበትን ሰው እንዴት እንደሚያሳዩ እንድንወያይበት አደርጋለሁ። ላርስ ፎን ትሪየር በ1998 ካወጣው፣ ጤነኞች የአእምሮ ዝግመት ያለባቸውን መስለው ከሚንቀሳቀሱበት «ደደቦቹ» እንጀምራለን። የጽሑፍ ሰውን በስም ጠርቼ እጋብዛለሁ፤ እዚያ የሚከላከሉት ነገር ካገኙ ለማየት እጓጓለሁ።